የአቃጣዩ የልጅ ልጅ

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ እትዬ የማይላት የለም። በዕድሜ የሚበልጣት የበር ዘበኛ እንኳ እትዬ ነው የሚላት። እኔ ግን ከልቤ ስለምላት ሌሎቹ ሲሏት ትንሽ ይከነክነኛል። ስንትና ስንት ዓመት አንድ ምድር ቤት ውስጥ፣ አንድ አምፖል ሥር፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን ኖረናል። እሷ የማዘጋጃ ቤቱን አሮጌ መዛግብት ትጠብቅ ነበር፤ እኔ ጠራዥ ነኝ። የተበጣጠሰውን ታመጣልኛለች፣ እኔ እሰፋዋለሁ፣ እለጥፈዋለሁ፣ ሸራ አለብሰዋለሁ። እጄ ላይ ሙጫ ስለማይጠፋ ሙጬ የሚል ስም አወጣችልኝ። አሁን ሚስቴም የምትጠራኝ በዚሁ ስም ነው።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት በንዴት ነው። እትዬ ጡረታ የወጣች ዕለት ሥራ አስኪያጁ ከኪሱ አንድ ወረቀት አውጥቶ አነበበላት፤ «ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ቅን አገልጋይ» ይላል። ይኼ ለግድግዳ ሰዓትም ይነበባል። ሰው አጨበጨበ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ እሷም ጉልበቷን እያሸች አመሰገነች። እኔ የማውቃት ሴት እዚያ ወረቀት ላይ አልነበረችም። የግንቡ ነገርማ ጭራሽ አልተነሳም።

እትዬ የደከማት ሴት ናት። ሰነፍ ናት ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እኛ ጠዋት ፊታችንን ታጥበን ስንመጣ እሷ የአንድ ቀን ሥራ ጨርሳ ነበር የምትመጣው። አልጋ ላይ የዋሉትን እናቷን አጥባ፣ አገላብጣ፣ አብልታ፣ መድኃኒታቸውን ሰጥታ፣ ቁልፉን ለጎረቤት ትታ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ተጋፍታ ትደርስ ነበር። ወደ ምድር ቤት የሚወርደው ደረጃ መሃል ላይ ሁልጊዜ ቆም ብላ ቦርሳዋ ውስጥ መነጽሯን ትፈልጋለች። መነጽሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ነገሩ ጉልበቷ እስኪመለስላት ነው። እኔም አይቼ እንዳላየ ሆኜ መርፌዬ ውስጥ ክር አስገባለሁ።

ስትቀጠር ታይፒስት ነበረች፣ ያውም ፍጥነቷ የተመሰከረላት። ኮምፒውተር ሲመጣ «ታች መዝገብ ቤት ብታግዢስ» አሏት። ማንን እንደምታግዝ አልነገሯትም፤ ስትወርድ ደግሞ የሚታገዝ ሰው አልነበረም። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ እንደወጣ መንገድ ላይ ቀረ። ልጅ አልወለዱም። አንድ ሻንጣ ይዛ «ለጊዜው» ብላ እናቷ ቤት ገባች፤ ያ ጊዜ እስከ ዛሬ አላለቀም። ለጊዜው የተባለ ነገር ሁሉ እሷ ላይ ይቀራል። ይኼን ነው ንግግሩ ውስጥ ማንበብ የነበረባቸው።

የግንቡን ነገር ለማያውቅ ላስረዳ። ከከተማችን በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ጣሪያም በርም የሌለው፣ ግድግዳው ብቻ የቆመ አሮጌ ግንብ አለ። የድሮ አገረ ገዢዎች መኖሪያ ነበር። በጦርነቱ ዘመን ጠላት ወንዙን ሊሻገር ሲል ተቃጠለ ይባላል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። ዘበኛው እንዳቃጠለውም ይስማማል። ጠቡ ለምን አቃጠለው የሚለው ላይ ነው። የላይ ሰፈር ሰዎች፣ ማለትም የድሮ ሹማምንት ዘሮች፣ «ሰክሮ ይሁን ተከፍሎት፣ ያባቶቻችንን ንብረት ዶግ አመድ አደረገው» ይላሉ። የታች ሰፈር ሰዎች፣ ማለትም እኔና መሰሎቼ፣ «ጠላት እንዳያድርበት ብሎ ነው፤ ጀግና ነው» እንላለን። በዚህ ነገር ሠርግ ፈርሷል፣ ጥርስ ወልቋል። ያ ዘበኛ የእትዬ አያት ነው፤ የእናቷ አባት።

ማዘጋጃ ቤቱ ግንቡን ጠግኖ ለጎብኚ ሊከፍት ተነሳ፤ መግቢያው ላይም ታሪኩ የተቀረጸበት የድንጋይ ሰሌዳ ሊያቆም ወሰነ። ምን ይጻፍበት ሲባል ሁለቱ ሰፈሮች ሊበላሉ ደረሱ። በዚህ መሃል ለጥገናው የመጣው መሐንዲስ መሥሪያ ቤታችን አዳራሽ ውስጥ በተደረገው ስብሰባ ላይ እጁን አወጣና፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ግን የእሳት ምልክት አላገኘሁም። ጥላሸት የለም፤ ድንጋዩም በሙቀት አልተሰነጠቀም» አለ። ጉድ ፈላ። ዕድሜ ልካቸውን ተኮራርፈው የኖሩ ሁለት ሰፈሮች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሆነው መሐንዲሱ ላይ ጮኹበት። ሰውየው መዶሻውን ሰብስቦ እስኪወጣ ድረስ አልለቀቁትም።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ምድር ቤት ድረስ ወረደ። ከሌላ ከተማ ተዛውሮ የመጣ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው። ጣሪያው ላይ የሚያልፈው የውሃ ቧንቧ ግንባሩን መታው፤ እኛ ለምደነው ጎንበስ እንላለን።

«እትዬ፣ ይቺን ነገር እርስዎ ነዎት የሚጨርሱልኝ» አላት ግንባሩን እያሸ። «ግንቡ ተቃጥሏል ወይስ አልተቃጠለም? ከመዝገብ አጣርተው አንድ ገጽ ይጻፉልኝ። ሰሌዳው የሚቀረጸው በዚያ ነው።»

«እኔ?» አለች እትዬ።

«ታዲያ ማን አለ? የሰው ወሬ እንዳያመጡብኝ ብቻ። ሽማግሌ አይጠየቅ፤ በተለይ የዘበኛው ቤተሰብ አይጠየቅ። እነሱ ያው ለወገናቸው ነው የሚያወሩት። ወረቀት ብቻ።»

እትዬ እኔን አየችኝ። እኔ ሙጫዬን አየሁ።

«እሺ» አለች።

ሰውየው ደረጃውን እንደጨረሰ ተነሳሁባት። «የዘበኛው ቤተሰብ አንቺ አይደለሽም እንዴ? አፍ የለሽም? ለምን አትነግሪውም?»

«ብነግረው ለማን ይሰጠዋል? ፎቅ ላይ ላለው ለላይ ሰፈሩ ጸሐፊ ነው የሚሰጠው።»

«ይስጠዋ! ጡረታሽ ደርሷል፤ ምን ቆርጦሽ ነው እዚህ ነገር ውስጥ የምትገቢው?»

«ለእነሱ እንደተውኩት እማዬ ከሰማች ትገድለኛለች» አለች። ፈገግ ብላ ነው ያለችው፤ ግን ቀልድ አልነበረም።

እናቷን ላስተዋውቅ። ቤታችን አንድ ሰፈር ስለሆነ በዕረፍት ቀን ጎራ ብዬ እጠይቃቸው ነበር። እማማ ረጅም ነበሩ፤ ተኝተው እንኳ ረጅም ነበሩ፣ እግራቸው ከአልጋው ጫፍ ያልፍ ነበር። በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ውስጥ «የአቃጣይ ልጅ» እያሉ የተጫረ ክብሪት ይወረውሩባቸው ነበር። አድገው ለአስተማሪነት ተፈትነው ካለፉ በኋላ ቀጣሪው የላይ ሰፈር ሰው ሆነና፣ «እሳት ከልጆች ጋር አናስቀምጥም» ብሎ መለሳቸው። ዕድሜያቸውን የሰው ልብስ ሲሰፉ ፈጁት። ያን ሁሉ ግን አንገታቸውን ደፍተው አላለፉትም። «አዎ፣ አባቴ አቃጥሎታል! የእናንተ አባቶች ሲሸሹ አባቴ ቆሞ አቃጥሎታል!» ይሉ ነበር፣ ገበያ መሃልም ቢሆን። እሳቸው ፊት አባታቸውን በክፉ ያነሳ ሰው ወይ ይቅርታ ጠይቆ ወይ ሮጦ ነው የሚለያቸው።

እትዬ ስለ ሥራው ስትነግራቸው እኔም እዚያው ነበርኩ። ሴትዮዋ ከስንት ጊዜ በኋላ ያለ ሰው እርዳታ ተነስተው ትራሱን ተደገፉ።

«አንቺው ፈልጊው!» አሉ። «ወረቀት አይጠፋም። ስታገኚው ስሙን ድንጋይ ላይ ይቅረጹልኝ። 'እሱ አቃጠለው፣ ለጠላት እንዳይሆን ብሎ' ይባልልኝ። ይኼን አይቼ ልሙት።»

«እሺ እማዬ።»

«እሺ አትበይኝ። አድርጊው።»

ሐኪሙ የእማማ ልብ እንደደከመ ከነገረን ሰንብቷል። ስለዚህ እትዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር ተሸክማ ነው ደረጃውን የምትወርደው፦ የማዘጋጃ ቤቱን ጥያቄና የእናቷን የመጨረሻ ምኞት። አንዱ እውነት ይፈልጋል፣ ሌላው እሳት ይፈልጋል። እሷ ሁለቱም አንድ መስለዋት ነበር፤ ማን ያልመሰለው አለ?

ፍለጋው አድካሚ ነበር ብል አልገለጽኩትም። የጦርነቱ ዘመን ወረቀት በካርቶን ታጭቆ ከመደርደሪያው ጥግ የተጣለ ነው። ግማሹን እርጥበት አጣብቆታል፣ የግማሹን ጠርዝ አይጥ በልታዋለች። የተጣበቀውን እኔ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት እያላቀቅኩ፣ በስስ ቢላ ገጽ በገጽ እየገለጥኩ አቀብላታለሁ። እሷ አጉሊ መነጽር ይዛ ታነባለች። የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች ቀለም እየቆጠቡ ነው መሰል ጽሑፋቸው እንደ ጉንዳን ያነሰ ነው። ታነባለች፣ ታስላለች፣ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ደግሞ ታነባለች። ምሳችንን እዚያው አቧራ ውስጥ እየበላን ስንት ካርቶን እንደጨረስን አላስታውስም። እኔማ ከሰለቸኝ ቆይቶ ነበር፤ ማታ ማታ ሚስቴ ላይ እነጫነጭ ጀመር።

የፖሊስ ሪፖርት የለም። የእሳት አደጋ ወሬ የለም። ግንቡ ተቃጠለ የሚባልበት ሳምንት ቃለ ጉባኤ ሲገኝ እትዬ ገለጠችው። ምክር ቤቱ ተሰብስቦ የተወያየው ስለ ባለቤት አልባ ውሾች ነበር።

«ከተማው ሁሉ የሚያየው ግንብ እየነደደ ሰው ስለ ውሻ ይሰበሰባል?» አልኩ።

«ተደናግጠው ይሆናል» አለች። ጠላት ወንዝ ማዶ እያለ የተደናገጠ ሰው ስለ ውሻ ሊያወራ ይችል እንደሆነ ተከራከርንበት። እሷ ይችላል አለች። እሷ ገና ተስፋ አልቆረጠችም ነበር።

ከዚያ የንብረት መሰረዣ ወረቀቶቹ መጡ። ይኼን ለሌላ መሥሪያ ቤት ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እኛ ዘንድ አንድ ዕቃ ከጠፋ ኃላፊው ይከፍላል። ከተሰበረ ስባሪው ይቅረብ ይባላል። ከተሸጠ ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ኮሚቴ ከተቀመጠ ደግሞ መቼ እንደሚነሳ አይታወቅም። ከተቃጠለ ግን ማን አመድ አምጡ ይላል? አንድ ምስክር ከፈረመ አለቀ። ስለዚህ እኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚጠፋ ዕቃ የለም፤ ሁሉም «በእሳት የወደመ» ነው። ባለፈው ዓመት የሻይ ክበቡ ማንኪያዎች በእሳት ወድመዋል። የአትክልት ማጠጫው ቱቦ በእሳት ወድሟል። አንድ ጊዜ የብረት ካዝና፣ ሰው የሚያህል የብረት ካዝና፣ በእሳት ወድሞ የበር ዘበኛችን ዛሬም ቤቱ ውስጥ ልብስ ያስቀምጥበታል። እትዬ በታይፒስትነቷ ዘመን እንዲህ ያለውን ወረቀት ስንት ጊዜ እንደጻፈችው እግዜር ይወቀው። ልማዱ ግን የእኛ ይመስለን ነበር፤ ካያቶቻችን የወረስነው መሆኑን አናውቅም።

«ሙጬ፣ ና እስቲ» አለችኝ።

ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የግንቡን ንብረት የሚሰርዙ ወረቀቶች ተዘርግተዋል። ትልቁ በር፣ በእሳት የወደመ። ከብዙ ወራት በኋላ መስኮቶቹ፣ በእሳት የወደሙ። በሌላ የበጀት ዓመት ምንጣፎቹና ፋኖሶቹ። በሌላው ደግሞ የጣሪያው ወራጆች። ቆርቆሮው ጭራሽ የወደመው ጦርነቱ አልቆ ጠላት ከሄደ በኋላ ነው።

«እንዴት ያለ ትዕግሥተኛ እሳት ነው» አልኩ። «በጀት ሲያልቅበት አርፎ፣ በጀት ሲለቀቅ የሚቀጥል።»

አልሳቀችም። የጣቷን ጫፍ ከወረቀቱ ግርጌ አኖረች። ሁሉም ላይ «ምስክር፦ የግንቡ ዘበኛ» ይላል፣ ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ አለ። አያቷ መጻፍ አይችልም ነበር። የመጨረሻው ወረቀት ላይ ግን አሻራ የለም፤ «በቸልተኝነቱ ንብረት በእሳት እንዲወድም ያደረገው ዘበኛ ከሥራ ተሰናብቷል» ይላል። ጣቱን ከወሰዱበት በኋላ እሱንም ሰረዙት።

ዕቃዎቹ የት እንደገቡ ማግኘት ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር። የገበያ አዳራሹ ሲሠራ በተያዘው መዝገብ ላይ «ከግንቡ የመጣ ቆርቆሮ» የሚል ተጽፏል። ወራጆቹ ደግሞ የተመቱት የራሳችን መሥሪያ ቤት የስብሰባ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ነው። ሁለቱ ሰፈሮች ግንቡን ማን አቃጠለው እያሉ ሲጯጯሁ የዋሉት በግንቡ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው ኖሯል።

እትዬ መነጽሯን አውልቃ አለቀሰች። ድምፅ አልነበረውም፤ እንባው ብቻ ነው የሚወርደው። እንዲህ ያለ ጊዜ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ሻይ ቀዳሁላት።

«እትዬ፣ ስሚኝ» አልኳት። «'ከመዛግብት ማረጋገጥ አልተቻለም' ብለሽ ጻፊና ተገላገዪ። ለእማማም ያው ትነግሪያቸዋለሽ። ማንም አይጎዳም።»

«ለምን?» አለች። «ይኼ ለእማዬ መልካም ዜና አይደለም? አባቷ ሰካራም አልነበረም፣ ገንዘብ አልበላም፣ የማንንም ቤት አላቃጠለም። ዕድሜዋን ሙሉ የአቃጣይ ልጅ ተብላ ተሰደበች። ከእንግዲህ ማን ይላታል?»

«እሳቸው እኮ ጀግና ነው የሚፈልጉት።»

«የምትፈልገው ነጻ መውጣት ነው» አለች ቆጣ ብላ። ተቆጥታኝ አታውቅም። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሙጬ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው የነገረኝን ውሸት ነው የተየብኩት። ይቺን አንድ ገጽ ራሴ ልጻፋት» አለች።

ጻፈችው። እነዚያ ጣቶች አልረሱም፤ ፎቅ ላይ ወጥታ ኮምፒውተር ላይ ስትመታው ወጣቶቹ ጸሐፊዎች ዞር ብለው አዩዋት። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ አነበበው። ቀና ብሎ በተከፈተው በር የአዳራሹን ጣሪያ አየ።

«ታዲያ ማንም አላቃጠለውም?»

«ማንም።»

«ይኼ ማንን ደስ ያሰኛል እትዬ?»

«አንድ ሰው አለች» አለችው።

ሰውየው በረጅሙ ተነፈሰና ማህተሙን መታበት። ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚሁ ልናገርና ልገላገል፦ ሰሌዳው በስተኋላ ቆመ። ግንቡ መቼ እንደተሠራ ይናገራል፤ ስለ እሳት አንድም ቃል የለበትም፣ ስለ ወራጆቹም የለበትም። ሁለቱ ሰፈሮች ዛሬም በድሮ ጠባቸው ላይ ናቸው። እማማ ሰሌዳው ሲቆም በሕይወት አልነበሩም።

የዚያን ቀን ግን ነበሩ። ከሥራ ስንወጣ እትዬ «አብረኸኝ ና፤ ስትሰማ እንድታያት» አለችኝ። ብርቱካን ገዛሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ቆመን እያለ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እንዴት እንደምትነግራቸው እየተለማመደች ነው። ፊቷ ላይ ድካሙ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር በርቷል። ፈራሁላት።

እማማ ትራስ ተደግፈው ነቅተው ነበር። በሩ ሲከፈት ሰላም እንኳ ሳይሉን፣ «ተገኘ?» አሉ።

«ተገኘ እማዬ።» ካፖርቷን ሳታወልቅ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ነገረቻቸው። ቀስ ብላ፣ ሁሉንም። ወረቀቶቹን፣ በሩን፣ ወራጆቹን፣ የአያቷን አሻራ። «አባትሽ ምንም አላጠፋም እማዬ። ግንቡ አልተቃጠለም። እነሱ ናቸው አፍርሰው የወሰዱት። ዛሬ ጽፌ አስገባሁት፣ ማህተም ተመታበት። ከእንግዲህ ማንም የአቃጣይ ልጅ አይልሽም።»

እኔ ብርቱካን እልጣለሁ።

«ትልቁን በር በጋሪ ነው የወሰዱት» አሉ እማማ በመጨረሻ። «አንዱ ክንፉ አልገባ ብሏቸው በገመድ አሰሩት።»

ቢላዬ ቆመ።

«እማዬ?»

«ለአባቴ ምሳ የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ምን መሰለሽ? ዓይን አልነበረኝም? በሩን ሲነቅሉት ቆሜ አይቻለሁ። ጣቱን ቀለም ሲያስነክሩትም አይቻለሁ። ሹሙ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ አባቴ ቆሟል። 'የት ጋ ነው ጌታዬ?' ይላል። 'እዚህ ጋ' ይሉታል። 'እሺ' ይላል። አባቴ እሺ የሚል ሰው ነበር።»

«አውቀሽ ነው?» አለች እትዬ። «ይኼን ሁሉ ዘመን አውቀሽ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠየቅሽኝ እንዴ? ወረቀት ለወረቀት ስትሄጂ ከረምሽ። እኔ እዚሁ ተኝቼ ነበር።»

«ቤተሰብ እንዳይጠየቅ ብለውኝ ነው።»

«እነሱ ካሉሽማ» አሉ እማማ። ክፉ ንግግር ነበር፤ ወዲያው ራሳቸውም የቆጫቸው መሰለኝ፣ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ካፖርት ጫፍ ያዙ።

«ስሚኝ» አሉ። «ተባሮ ቤት ሲመጣ ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠበት። ሬሳ መሰለ። ያን ጊዜ ነው እናቴ ወጥታ ለሰፈሩ 'አቃጥሎታል፣ ለጠላት እንዳይሆን ብሎ' ብላ ያወራችው። እሱ አዎም አላለ፣ አይደለምም አላለ። ግን ሰው ሲያልፍ ይነሳለት ጀመር። አባቴ ቀና ብሎ ሲሄድ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቀና እንዳለ ሞተ። ክብሪቱን ሲወረውሩብኝ ለዚያ ብዬ ነው የቻልኩት። አስተማሪነቱን ሲነፍጉኝ ለዚያ ብዬ ነው የቻልኩት። ድንጋይ ላይ ምን ይጻፍለት ኖሯል? 'ይኼ ሰው ቆሞ ጣቱን ነከረ' ይባል?»

አለቀሱ። እማማ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም፤ የማይሆን ነገር ያየሁ ይመስል ዓይኔን ብርቱካኑ ላይ ተከልኩ።

«ነገ ሄጄ ላወጣው እችላለሁ» አለች እትዬ። ማህተም የተመታበት እንደማይወጣ እኔም እሷም እናውቃለን።

«የጻፍሽው እውነት ነው?»

«እውነት ነው እማዬ።»

«ታዲያ ምን ልትሆኚ ታወጪዋለሽ? ይቀመጥ።» እንባቸውን በአንሶላው ጠረጉ። «እዚህ ቤት ግን አቃጥሎታል። ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ?»

«አቃጥሎታል እማማ» አልኩ። ምን ቁርጥ አርጎኝ ሌላ እላለሁ!

እማማ ወደ ኋላ ተጋድመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በይ እንግዲህ አውሪልኝ» አሉ። «እኔ ሳወራልሽ ነው ያደግሽው። አሁን ደከመኝ፤ አንቺ አውሪልኝ።»

እትዬ አየችኝ። ያን ያህል የደከማት ሆና አይቻት አላውቅም። ካፖርቷ አሁንም ላይዋ ላይ ነው፤ ጣቶቿ ላይ የካርቶኖቹ አቧራ አለ። ጉሮሮዋን ጠረገችና ጀመረች።

«ጠላት ከወንዙ ማዶ ሰፍሮ ነበር» አለች። «ሹማምንቱ ሁሉ ሸሹ። ግንቡ ውስጥ አያቴ ብቻውን ቀረ። ቁልፉን ይዞ ብዙ አሰበ። ከዚያ ፋኖሶቹን ሰበሰበና ዘይታቸውን ምንጣፉ ላይ አፈሰሰ። መጀመሪያ መጋረጃዎቹን...»

«በሩን ነው» አሉ እማማ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «መጀመሪያ ያቃጠለው ትልቁን በር ነው።»

«አዎ» አለች እትዬ። «መጀመሪያ ትልቁን በር አቃጠለ።»